ቀንድ የሰበርኩበት ክረምት

ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ስገባ ልጄ ከጓዳው ደጃፍ ላይ ባልዲ በጉልበቷ መሐል ይዛ ተቀምጣለች። እናቷ ከእንጅባራ ገበያ የገዛችው ድንች ሰነባብቶ ኖሮ ጎንቁሏል። ልጄ የበቀለውን ጫፍ በአውራ ጣቷ እየገፋች ቀጭ፣ ቀጭ ታደርገዋለች። ሽታው ቀድሞ አገኘኝ። የባቄላ እሸት የሚመስል፣ ከሥሩ እርጥብ አፈር ያለበት፣ መረር የሚል ሽታ ነው። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ «ተዪ!» ብዬ ጮህኩ።

ልጄ ባልዲውን ለቀቀችው። ድንቹ በሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ።

«ለወጥ ነው እኮ፤» አለች ባለቤቴ ብቅ ብላ። «ከነጎንቁሉ ይቀቀል ልትል ነው?»

ቁጣ የማበዛ አባት መሆኔን አውቃለሁ፤ ያለ ምክንያት ግን አልቆጣም ብዬ እመካ ነበር። ያን ቀን ምክንያቱ ነበረኝ፣ መናገሩን ግን አፈርኩበት። ሰው ልጁን የሚቆጣበትን ጥፋት ራሱ ሠርቶት ከሆነ አብሮ መናገር አለበት፤ አለዚያ ቁጣው ግማሽ ውሸት ነው። ስለዚህ እጽፈዋለሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ በእጄ የገባ መጽሐፍ ሁሉ ነው። አጻጻፌ ቢጎረብጥ አንባቢ ይታገሰኝ።

ያደግሁት ከእንጅባራ ወደ ጥሊሊ ሲኬድ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ክረምት ላይ ጉሙ እስከ ረፋድ በማይገፈፍበት መንደር ነው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው በአገውኛ ያወራሉ፤ እኛ ልጆቹ እየሰማን በአማርኛ እንመልሳለን። የማወራው አምስተኛ ክፍል ስለነበርኩበት ዓመት ነው። በዚያ ዓመት የመንደራችን መልክ እየተለወጠ ነበር። ገብስና ድንች ይበቅልበት የነበረው ተረተር አንድ በአንድ ዲከረንስ ሆነ። ዲከረንስ ቶሎ የሚያድግ የከሰል ዛፍ ነው። ዛሬ ተክለኸው አራት አምስት ዓመት ብትረሳው አይቀየምህም።

የአባቴም ልብ ወደዚያ አዘነበለ። ከቤታችን በታች ያለው ማሳ ድንች ይዘራበታል፤ ድንቹ ግን በየክረምቱ ሊያብብ ሲል ቅጠሉ እየጠቆረ ያልቅ ነበር።

«ደከመኝ፣ ይመኙሻል፤» አላት እናቴን አንድ ቀን ቀንበሩን ከግድግዳው እያስደገፈ። «በሬ ጠምጄ፣ ዘር ጥዬ፣ ጭቃ ለጭቃ ተንከራትቼ የማወጣው የበግ በጠጥ የሚያክል ነው። ዲከረንስ ልትከልበትና ልረፍ።»

«ተክለኸው ልጆቹ ምን ይበላሉ?» አለች እናቴ። «ነሐሴ ላይ ዛፍ ልቀቅልላቸው?»

እናቴ ዝም ብላ የምትሸነፍ ሴት አልነበረችም። ብቻዋን ሚኒባስ ተሳፍራ እንጅባራ ለሥልጠና ሄዳ ሦስት ቀን ቆየች። ስትመለስ ወሬዋ ሁሉ ድንች ሆነ። ቅጠሉ ቶሎ የማይታመም አዲስ ዘር አለ። የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ፣ ሰብለ የምትባል ቦቲ ጫማ የማታወልቅ ወጣት፣ አንድ ኩንታል ልታመጣላት ቃል ገብታለች። ዘሩ ግን እንደ ድሮው በጨለማ ጥግ አይከመርም፤ ብርሃን በሚገባበት መደርደሪያ ላይ ተሰጥቶ ይቆያል።

አባቴ፣ እኔና እህቴ ትርንጎ እየሰማን፣ ፍርድ እንደሚሰጥ ሰው ተናገረ።

«አንድ ክረምት እሰጥሻለሁ። መደርደሪያውን ሥሪ። መስከረም ላይ፣ የሚበላው ተነሥቶ፣ መደርደሪያሽን በሙሉ በራስሽ ዘር ከሞላሽው ማሳው የድንች ነው። ክንድ የሚያህል ባዶ ቦታ ካየሁበት ግን የጎረቤታችንን የአያ ስንሻውን የዲከረንስ ችግኝ አመጣለሁ።»

ሌላ ሴት ብትሆን ትንሽ መደርደሪያ ትሠራ ነበር። እናቴ ስድስት እርከን ሠራች! ቀርቀሃውን እሷና አጎቴ ከወንዝ ዳር አምጥተው ሰነጠቁት። መደርደሪያው የቆመበት የዘር ቤት ግድግዳው ጣት የሚያሳልፍ ፍርግርግ ነው፣ ክዳኑ ሣር። አዲስ የተሰነጠቀ ቀርቀሃ እንደ ጣፋጭ ውኃ ይሸታል፤ እኔና ትርንጎ ቀኑን ሙሉ ሽራፊውን ስናኝክ ዋልን። አባቴ መጥቶ እርከኖቹን ከታች እስከ ላይ አያቸው።

«አንድ ኩንታል ሁለቱን ቢሸፍን ነው። አራቱ ለምን?»

«ለመስከረም፤» አለችው።

የዘሩ መምጣት ራሱ በዓል ነበር። በሰፈሩ ሞባይል የነበራቸው አያ ስንሻው ብቻ ናቸው። የአጥር ጎረቤታችን፣ የዲከረንስ ችግኝ እያፈሉ የሚሸጡ፣ ሳይቀልዱ ውለው የማያድሩ ሰው። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤታቸው ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ስለሆነ ውሏቸው እዚያ ነው። አንድ የየካቲት ረፋድ ከጉብታው ላይ ሆነው ተጣሩ።

«ይመኙሻል ሆይ! ሙሽራዋ አስፋልት ላይ ወርዳለች! ፈረስ ላኪ ትልሻለች ግብርናዋ!»

ትርንጎ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። ሙሽራ የተባለውን ሰምታ ሮጣ ፊቷን ታጠበች። እኔም ብልጥ ነኝ ባይ፣ የማጭድ እጀታ እየመታሁ ከፈረሱ ፊት ፊት ጨፍሬ ገባሁ። እናቴ ጆንያውን አውርዳ አፉን ስትፈታ አንገታችንን አስግገን አየን። ድንች ነው። አፈር የተቀባ፣ ተራ ድንች።

«ሙሽራዋስ?» አለች ትርንጎ፤ አለቀሰች።

እናቴ ድንቹን አንድ በአንድ በላይኛውና በሁለተኛው እርከን ላይ ደረደረችው። ስትጨርስ ጠራችኝና በሩ ላይ አቆመችኝ።

«ጌትነት፣ ከዛሬ ጀምሮ የዘር ቤቱ ጠባቂ አንተ ነህ። ዶሮ አይግባ፣ ፍየል አይግባ፣ ዝናብ አይግባ፣ እጅ አይግባ። ገባህ?»

«ገባኝ።»

ያን ቀን የተሰማኝ ኩራት እስካሁን ትከሻዬ ላይ ያለ ይመስለኛል። ዱላ ቆርጬ በዘር ቤቱ በር ቆምኩ። ዶሮዎቻችን በዚያ ሳምንት ያለ ጥፋታቸው ብዙ ተሰደዱ።

ድንቹ ግን እንግዳ ነገር ያደርግ ጀመር። መጀመሪያ አረንጓዴ ሆነ። ትርንጎ «ታሟል» ብላ በቅጠል ውኃ አምጥታ ልታጠጣው ስትል ያዝኳት። ቀጥሎ ከዓይኖቹ አጫጭር፣ ወፋፍራም፣ ሐምራዊ ጫፎች ወጡ። በየቀኑ ይጠነክራሉ። እናቴ እንዲህ እንዲሆን ነው የሚፈለገው ብላ ነግራኝ ነበር። ልጅ ግን የተነገረውን ሳይሆን የተሳቀበትን ያስታውሳል።

አንድ የገበያ ቀን ወንዶቹ ተሰብስበው ወደ አዘና ገበያ ሲያልፉ አያ ስንሻው በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስገቡ።

«አንተ ጌትነት! እናትህ ድንች ነው የምታረባው ወይስ ወይፈን? ቀንድ አወጣ እኮ! ለክረምቱ ሞፈር ይጎትታል መሰለኝ!»

ሰዎቹ በሳቅ ፈነዱ። አባቴ መሐላቸው ነበር። አልሳቀም፤ ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ስቦ ቀድሟቸው ሄደ። አባቴ ሰው ፊት አንገቱን ሲደፋ ያየሁት ያኔ ነው። እናቴ እንኳ አልነበረችም፤ እህቷ ወልዳ ጥሊሊ አራስ ልትጠይቅ ሄዳ በጠቅላላው ዐሥር ቀን ቆየች።

እንግዲህ የልጅ አእምሮዬ እንዲህ አሰበ። ባለፈው ዓመት ቦራው በሬያችን ሰው ሲወጋ አባቴ የቀንዱን ጫፍ በመጋዝ ቆርጦ ለስላሳ አድርጎት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስለ ቀንዱ ያወራ፣ በሬውንም የፈራ የለም። ቤት ውስጥም ለወጥ የሚሆን ድንች ሲጎነቁል ጫፉ ተሰብሮ ይጣላል። እኔ ጠባቂ ነኝ። እናቴ የለችም። የሚሳቅበትን ነገር ማስወገድ የማን ሥራ ነው? ዱላዬን አስቀመጥኩና የላይኛውን እርከን ቀንድ አንድ ሳላስቀር ሰበርኩት። ቀጭ፣ ቀጭ። አውራ ጣቴ አረንጓዴ ሆነ፤ ስቀምሰው መረረኝ። የሰበርኩትን ከአጥሩ ሥር ቀብሬ፣ እናቴ ስትመለስ የምታመሰግነኝን እያሰብኩ እጄን ታጠብኩ።

በሳምንቱ ገደማ ወደ ላይ ስመለከት አንድ ቀንድ ከሰበርኩበት ድንች ሦስት፣ አራት ወጥቷል! ተቆጥተው የተባዙ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ በሩን በጀርባዬ ገፍቼ እንጂ ፊቴን ወደነሱ አድርጌ አልገባም ነበር። እናቴ ተመልሳ ስታየው ግን እልል ለማለት ምንም አልቀራት።

«የላይኛውን እዩት! ከታችኛው ይበልጣል! ጠባቂዬ እጁ በረከት አለው!»

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። ምስጋና ጣፈጠኝና ዋጥኩት። ለልጆቼ ሁልጊዜ የምላቸው ይህንን ነው፤ ያልሠራህበትን ምስጋና ከተቀበልክ ቀጥሎ የሠራኸውን ጥፋት መካድ ይቀልሃል። የኔም እንዲያው ሆነ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ለዘር የወንፈል ቀን ተቆረጠ። ወንፈል ዛሬ ለኔ፣ ነገ ላንተ እየተባለ የሚሠራ የጋራ ሥራ ነው፤ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ይመጣል ማለት ነው። የሁለተኛው እርከን ጎንቁል ከላይኛው ረዝሟል። ሰዎቹ ዘሩን በቅርጫት ሲሸከሙ፣ አያ ስንሻው ሲቀልዱ፣ አባቴ ባርኔጣውን ሲስብ ታየኝ። ሳምንት ሲቀረው፣ እናቴ ወፍጮ ቤት ስትሄድ፣ ሁለተኛውን እርከን ሰበርኩ። ከዘሩ በኋላ መልሶ ይወጣ የለ ብዬ ነው።

እናቴ ያንኑ ዕለት አየችው። ቅርጫቷን አስቀመጠች።

«ማነው የነካው?»

«አይጥ፤» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ቀላልነቱ ገረመኝ።

አይጥ ከተባለ ድመት ይፈለጋል። በሰፈሩ ደህና ድመት የነበራቸው አያ ስንሻው ናቸው። አንዲት ወፍራም ዳማ ድመት ታቅፈው መጡ።

«ይቺን ዘር ቤት አስገቡልኝ። የሷን ስም ሰምቶ አይጥ አገር ይለቃል። ደሞዟ ወተት ነው፤ የኔ ደሞዝ ደግሞ ቅቅል ድንች በድቁስ በርበሬ።»

ድመቷ ሳምንቱን ሙሉ ባዶው እርከን ላይ ተኝታ አንኮራፋች። ከዚያ በኋላ አንድም ጎንቁል አልተሰበረም። እንዴት ይሰበር? እናቴ ድመቷን እያመሰገነች ወተት ትጨምርላታለች፤ እኔ ባየኋት ቁጥር ዓይኖቿን ከፍታ «አንተን እኮ አውቅሃለሁ» የምትለኝ ይመስለኛል።

የዘሩ ቀን ግን፣ ምን ብዬ ልግለጸው! በሬዎቹ ከንጋት ጀምሮ ቦዩን ይቀድዳሉ፤ አፈሩ ይጨሳል፤ ልጆች ከኋላ ከኋላ ድንች እያስቀመጡ ይሮጣሉ። ድሮ ድንች የሚዘራው እንደ ባቄላ ጥቅጥቅ ተደርጎ ነበር። እናቴ ግን በድንችና በድንች መካከል አንድ የእግር ጫማ ከጥቂት ጣት ይተው አለች።

«የማን እግር?» አሉ አያ ስንሻው። «የኔ ከሆነ ሁለት ድንች ብቻ ነው ማሳው የሚይዘው።»

«የጌትነት አባት።»

«አለልኝ፣ ጫማህን አውልቅ! እግርህ መለኪያ ሆነ!» አሉት አባቴን።

አባቴ መጀመሪያ ተኮሳተረ፤ ኋላ ግን በባዶ እግሩ ቦዩ ውስጥ ገብቶ የመጀመሪያውን መስመር ራሱ ለካ። የእግሩ ልክ በእንጨት ተቆርጦ ለየልጁ ታደለ። ከላይኛው እርከን የወረደው ዘር በማሳው ላይኛው ግማሽ፣ ከሁለተኛው የወረደው በታችኛው ግማሽ ተተከለ። የቱ የት እንደገባ እኔ አስታውሳለሁ። ሌላ ሰው ልብ አላለውም።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ሥራዬ ማሳውን ማየት ሆነ። ማለዳ ጤዛው እግሬን እየቆረጠው እወርዳለሁ። አንድ ቀን አፈሩ ተሰንጥቆ አየሁ! በማግስቱ ጥቁር አረንጓዴ የተጨማደደ ቅጠል፣ ልክ የተወለደ ሕፃን ጡጫ የመሰለ። «ወጣ! ወጣ!» እያልኩ ሽቅብ ሮጥኩ፤ እናቴ ነጠላዋን ሳትለብስ ወረደች፤ ትርንጎ ቁልቁል ስትሮጥ ወድቃ ጭቃ ሆነች። አባቴ እንኳ ቀስ ብሎ መጥቶ በጣቱ ነካው። ከአንድ ጉድጓድ ሦስት አራት ግንድ ነው የሚወጣው።

ይህ ግን በላይኛው ግማሽ ነው። ታችኛው ግማሽ ሁለት ሳምንት ቢጠበቅ አፈር ብቻ። ኋላ እዚህም እዚያም ክር የመሰለ ቀጭን ግንድ ብቅ አለ። በማሳው መሐል መስመር የተሰመረ ይመስል ነበር። አባቴ ዱላውን ተደግፎ እዚያ መስመር ላይ ሲቆም እናቴ ከቤት ሆና ታየዋለች።

ሐምሌ ሲገባ ሰብለ መጣች። ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ገልጣ አንድ ዘር አወጣች፤ በመዳፏ ጠርጋ ዓይኑን አየችው።

«እትዬ ይመኙሻል፣ ይሄ ጎንቁሉ ተሰብሮ ነው የተተከለው።»

«አይጥ በልቶብኝ።»

«አይጥ ቢሆን ጥርሱ ይታያል። ይሄ በሰው እጅ ነው።»

ሰብለ ሄደች። እናቴ ማሳው ዳር ተቀምጣ ስታሰላስል ቆየች፤ ከዚያ ወደ አያ ስንሻው አጥር ዞረች።

«ችግኝ የሚሸጠው ማነው? ማሳው ቢከሽፍ የሚጠቅመው ማንን ነው? በአጥሬ ላይ አንገቱን ሲያስገባ የከረመው ማነው?»

«ባላየሽው ነገር ሰው አትጠርጥሪ፤» አለ አባቴ። እሱም ግን በማግስቱ አያ ስንሻው ከጉብታቸው ላይ ሆነው «እንዴት አደርክ» ሲሉት፣ ያልሰማ መስሎ አለፈ።

አየሽ ልጄ፣ ውሸት ብቻውን አይኖርም። ጎረቤት ያስፈልገዋል። ድመቷ በትርንጎ እጅ ያለ ምስጋና ተመለሰች። በመካከላችን ባለው አጥር የነበረው መሹለኪያ በእሾህ ተዘጋ። አያ ስንሻው አንድ ሁለት ቀን ቀለዱ፤ ሳቅ ሲያጡ ተዉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን ሁሉ እያየሁ ዝም አልኩ። ዱላ ፈርቼ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እናቴ «እጁ በረከት አለው» ያለችው ሰው ሆኜ መቅረት ፈልጌ ነበር።

ድንቹ ጉልበት ሲደርስ አፈር ማስታቀፍ ይመጣል፤ ግንዱ ግራና ቀኝ አፈር እየተሳበለት እንዲታቀፍ ይደረጋል። እናቴ አያ ስንሻውን አልጠራችም። እሳቸው ግን የወንፈል ቀን አለብኝ ብለው፣ ዶማቸውን በትከሻቸው አድርገው፣ በዝናቡ መሐል መጡ። ማንም እንኳን ደህና መጡ አላላቸውም። ዞር ዞር ብለው አዩና ማንም ወዳልገባበት ወደ ታችኛው ግማሽ ወረዱ። እነዚያን ክር የመሰሉ ግንዶች አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ፣ እንደ ታመመ ልጅ ቀና አድርገው ያስታቅፏቸው ጀመር። ዝናቡ በጀርባቸው ይወርዳል።

«ይሄ ደግሞ አንገቱ የሳሳ ነው፤» አሉ ብቻቸውን። «ግዴለም፣ እኔም ልጅ ሳለሁ እንዲህ ነበርኩ።»

ማንም አልሳቀም። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታቸዋለች። እሳቸው ፈገግ ብለው ሰው ሰው አይተው፣ ፈገግታቸውን መልሰው ወደ አፈሩ ሲያጎነብሱ፣ እኔ የያዝኩት ጠባብ መቆፈሪያ ከእጄ ወደቀ።

«እሳቸው አይደሉም!» አልኩ። ድምፄ ለራሴም የሌላ ሰው መሰለኝ። «እማዬ፣ አያ ስንሻው አይደሉም። እኔ ነኝ የሰበርኩት። ሁለቱንም እርከን። አይጥ የለም።»

ዶማ ሁሉ ቆመ። አባቴ ወደኔ ተራመደ፤ እጁ ሲነሣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ለምን?» አለ።

«ቀንድ አወጣ ብለው ሲስቁ... አንተ ደግሞ ባርኔጣህን ስትስብ... እንደ ቦራው ብዬ ነው።»

እጁ አልወረደብኝም። ዓይኔን ስከፍት የያዘው ባርኔጣውን ነበር። አያ ስንሻው ጭቃው ውስጥ ቁጭ አሉ። መጀመሪያ ሳቁ፣ ትከሻቸው እስኪናጥ ሳቁ፤ ከዚያ ፊታቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«ድመቴንም እኮ አንድ አይጥ እንኳ አልያዘችም ብዬ ታዝቤያት ነበር። አይ የኔ ምላስ! አለልኝ፣ ልጁን ተወው። የቀልዱ ባለቤት እኔ ነኝ።»

«አንቱ ምን አጠፉ?» አለች እናቴ። መጥታ ከፊታቸው ጭቃው ላይ ተንበረከከችና ጉልበታቸውን ያዘች። «አያ ስንሻው፣ በሐሰት ጠርጥሬዎታለሁ። ሰላምታ ነፍጌዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ተነሺ፣ ተነሺ፣ ድንቹን ረገጥሽው!»

ከዚያ ወደኔ መጣች። ጠባብ መቆፈሪያዬን አንሥታ ሰጠችኝና በጣቷ ወደ ታችኛው ግማሽ አመለከተችኝ። እስኪያልቅ ከአያ ስንሻው ጎን ጎን ስሠራ ዋልኩ። መግረፍ ቢመርጡ በማግስቱ እረሳው ነበር፤ እጄ ላይ የቋጠረውን ውኃ ግን እስከ ፍልሰታ ፍቺ ተሸከምኩት። ሆኖም እውነቱን ልናገር፣ ያን ምሽት እንደበላሁት ራት የጣፈጠኝ ምግብ ትዝ አይለኝም።

ነሐሴ አለፈ፣ የላይኛው ግማሽ ነጭ አበባ አብቦ ንብ አጀበው፤ ቅጠሉ አልጠቆረም። የመስቀል ሰሞን ግንዱ ሲደርቅ ቁፋሮ ጀመርን። ዶማ አንድ ጊዜ ሲነሣ ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት ሆነው እየተንከባለሉ ይወጣሉ! ትርንጎ «ወለደች፣ ወለደች!» እያለች ትጮሃለች። የዶሮ እንቁላል የሚያካክሉ ናቸው፤ ለዘር የሚመረጠውም እሱ ልክ ነው። ልጆቼ ግን ከዚህ መስበሩ በጀ የሚል ትምህርት እንዳይወስዱ። ታችኛው ግማሽ ከየሥሩ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዱም ባዶ ነበር።

ትልልቁ ለሚበላ ተለየ፣ የተወጋው ተጣለ፣ የቀረው ወደ ዘር ቤት ገባ። አንደኛው እርከን ሞላ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ሞላ። አራተኛው ሲሞላ እናቴ መሮጥ ጀመረች። አምስተኛው። ስድስተኛውን ከወዲያኛው ጫፍ ጀምረን ስንደረድር የመጨረሻው ቅርጫት አለቀ። ሁለት ክንድ ያህል ባዶ ቀርቀሃ ቀረ።

አባቴ ገባ። አያ ስንሻውም የችግኙን ነገር ሊሰሙ በሩ ላይ ቆመዋል። አባቴ ክንዱን በባዶው ላይ አጋድሞ ለካ። አንድ። ሁለት።

«ቃል ቃል ነው፤» አለች እናቴ። «አልሟገትህም። ችግኙን አምጣ።»

አባቴ የሰጠውን ቃል በሕይወቱ ያላጠፈ ሰው ነው፤ እኔንም ያሳደገኝ በዚያ ነው። ጎንበስ አለና መጨረሻ ላይ ያለውን አንዱን ድንች አንሥቶ ሁለት ጣት ያህል ወደ ባዶው ገፋው። ከዚያ ቀጣዩን። ከዚያ ቀጣዩን።

«ተጨናንቋል፤» አለ። «እንዲህ ከታፈገ ይበሰብሳል።»

እውነት መናገር የተማርኩት በዚያ ክረምት ስለሆነ ዝም ማለት አቃተኝ።

«አባዬ፣ ሰብለ እኮ ተጠጋግቶ ይደርደር ነው ያለችው።»

«ስለ ዘር አያያዝ አንተ ልትመክረኝ ነው?»

አያ ስንሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አለልኝ እውነቱን ነው። ድንች እንደ ሰው ነው፣ ትንፋሽ ይፈልጋል፤» አሉና ገብተው ከሌላው ጫፍ እሳቸውም ይገፉ ጀመር። ችግኛቸው ሳይሸጥ ሊቀር እንደሆነ እያወቁ፣ በሁለት ጣታቸው፣ እንቁላል እንደሚነካ ሰው። ሁለቱ ሰዎች መሐል ላይ ሲገናኙ አባቴ ቀና ብሎ ክንዱን በእርከኑ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሳለፈ። የትም ቦታ ክንድ የሚያህል ባዶ አልነበረም።

«ሞልቷል፤» አለና ወጣ።

እናቴ ፊቷን በባዶው ቅርጫት ሸፍና ከግድግዳው ተደግፋ ነበር። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩና ቅርጫቱን ከፊቷ ላይ ሳብኩት። ጥርሷ ሁሉ ታየኝ።